ኪኒኑና የመጀመሪያዎቹ ስድስት ሳምንታት

ፍሎክሴቲን የተባለውን ፀረ ድባቴ መድኃኒት መውሰድ በጀመርን በአራተኛው ቀን፣ በቤተ ሙከራ ውስጥ የአሲድና የቤዝ ቲትሬሽን እየሠራን ሳለ የቡሬቱን መክፈቻ የያዘው እጃችን ይንቀጠቀጥ ጀመር። ፊኖልፍታሊን የተጨመረበት ፈሳሽ ፈዘዝ ያለ ሮዝ ቀለም ማሳየት ሲገባው በአንድ ጊዜ ደማቅ ሆነ። ሦስት ጊዜ ደገምነው፤ ሦስቱንም ጊዜ ከመጨረሻው ነጥብ አለፍን። ጠዋት የቀመስነው ሻይ ከሆዳችን አልረጋ ብሎ ያቅለሸልሸን ነበር፤ ሌሊቱንም ጣራ ጣራውን ስናይ ነበር ያነጋነው። መድኃኒቱን እንድንጀምር ያስገደደን የመንፈስ መጨለምና ድካም ግን ከነበረበት ንቅንቅ አላለም።

በዚህ ጽሑፍ «እኛ» እያልን የምንጽፈው እንደ መጽሔት ጸሐፊዎች ልማድ ነው እንጂ ኪኒኑን የዋጠው አንድ ሰው ነው። አንባብያን ግን ከዚህ በታች የምንተርከውን ከራሳቸው ወይም ከወዳጆቻቸው ሕይወት ጋር አመሳክረው «እኛ» ቢሉት ቅር አይለንም። ለመመለስ የምንሞክረው ጥያቄም ይህ ነው፦ ፀረ ድባቴ መድኃኒት ከመርዳቱ በፊት ስለምን ያስቸግራል? ጥያቄው ለዕውቀት ያህል ብቻ የሚነሣ አይደለም። ብዙ ሰው ኪኒኑን የሚጥለው በዚህ መካከል ባለው ጊዜ ነው። እኛም አንድ ጊዜ ጥለነዋል።

ይህ የሆነው ባለፈው ዓመት ነው። ያን ጊዜ የታዘዘልን አሚትሪፕቲሊን የሚባለው፣ በሀገራችን ፋርማሲዎች ለረጅም ጊዜ የሚታወቀው መድኃኒት ነበር። ያዘዘልን ባለሙያ በበሩ ላይ የተሰለፈው ሕመምተኛ አስጨንቆት ይሁን ወይም ሳያስበው ቀርቶ፣ «ማታ ማታ አንድ» ከማለት በቀር ያስረዳን ነገር አልነበረም። በማግስቱ አፋችን እንደ ጥጥ ደረቀ። ሁለት ሰዓት በሚጀምረው የጠዋት ትምህርት ላይ እንቅልፍ ያዳፋን ጀመር፤ ሆዳችን ደረቀ፤ ከመቀመጫችን ድንገት ስንነሣ ዓይናችን ይጨልምብናል። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ማንንም ሳናማክር አቆምነው። ለቤተሰብም «መድኃኒቱ አልተስማማኝም» አልን፤ ነገሩ በዚሁ ተዘጋ።

የእነዚህን መድኃኒቶች ታሪክ ስንመረምር፣ የመጀመሪያው ፀረ ድባቴ መድኃኒት ራሱ የጎንዮሽ ውጤት ሆኖ የተገኘ መሆኑን እንረዳለን። እ.ኤ.አ. በ1952 በኒውዮርክ ከተማ፣ በስታተን ደሴት በነበረው የሲ ቪው ሆስፒታል፣ የሳንባ ነቀርሳ ሕሙማን አይፕሮኒያዚድ የተባለ አዲስ መድኃኒት ተሰጣቸው። መድኃኒቱ የታሰበው ለሳንባቸው ሲሆን፣ ሕሙማኑ ግን ከሚጠበቀው በላይ የተነቃቁና የተደሰቱ ሆኑ። ይህን የተመለከቱ የአእምሮ ሐኪሞች መድኃኒቱን ለድባቴ ሞከሩት፤ የናታን ክላይንና የባልደረቦቻቸው ውጤትም እ.ኤ.አ. በ1957 ይፋ ሆነ። በዚያው ዓመት የስዊሱ ሐኪም ሮላንድ ኩን፣ ለስኪዞፍሬንያ ይረዳል ተብሎ የተሞከረው ኢሚፕራሚን ለዚያ ሕመም ሳይሆን ለድባቴ መጥቀሙን አሳወቁ። አሚትሪፕቲሊን የዚህ የኢሚፕራሚን የቅርብ ዘመድ ነው፤ የሁለቱም ሞለኪውል ሦስት የተያያዙ ቀለበቶች ስላሉት «ትራይሳይክሊክ» ይባላሉ።

እንግዲህ አንድ ሞለኪውል በሰውነታችን ውስጥ የሚያንኳኳው አንድ በር ብቻ አይደለም። አሚትሪፕቲሊን ከሚፈለግበት ሥራ ሌላ የሂስታሚንን ተቀባዮች ይዘጋል፤ የሚያስተኛን በዚህ ነው፤ የጉንፋንና የአለርጂ ኪኒኖች የሚያስተኙትም በዚሁ መንገድ ነው። አሴቲልኮሊን የተባለውን መልእክት አስተላላፊ ኬሚካል ተቀባዮችም ስለሚዘጋ ምራቅ ይነጥፋል፣ አንጀት ይዘገያል፣ የቅርብ ጽሑፍ ይደበዝዛል። የደም ሥሮችን የሚያጠብቀውን ትእዛዝ ስለሚያደናቅፍም ስንቆም ደማችን ወደ እግራችን ይወርዳል፤ ዓይናችን የጨለመው ስለዚህ ነበር። ይህን ሁሉ ከዓመት በፊት ብናውቀው ኖሮ አፋችን መድረቁ ባይቀርም መፍራታችን ይቀር ነበር።

ፍሎክሴቲን በአንጻሩ በሮችን መርጦ የሚነካ መድኃኒት ነው። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1987 መጨረሻ ሲፈቀድ ብዙ የተወራለትም በዚህ ምክንያት ነው። ሥራው አንድ የነርቭ ሕዋስ ወደ ጎረቤቱ ሕዋስ የረጨውን ሴሮቶኒን መልሶ እንዳይስብ መከልከል ነው። ታዲያ ይህን ያህል መራጭ ከሆነ ለምን አቅለሸለሸን? መልሱ በራሱ በሴሮቶኒን ታሪክ ውስጥ ይገኛል። ጣሊያናዊው ቪቶሪዮ ኤርስፓመር በ1930ዎቹ ይህን ንጥረ ነገር ያገኙት በአንጀት ግድግዳ ውስጥ ሲሆን «ኤንተራሚን» ብለውት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1948 ደግሞ በአሜሪካ ክሊቭላንድ፣ ራፖርት፣ ግሪንና ፔጅ የተባሉ ተመራማሪዎች ከደም ውስጥ ለይተው አውጥተው «ሴሮቶኒን» አሉት። ሁለቱ አንድ መሆናቸው የተረጋገጠው በ1952 ነው። በአእምሮ ውስጥ መኖሩን ቤቲ ትዋሮግ ያሳየችው ከዚያ በኋላ ነበር። ዛሬም ቢሆን ከሰውነታችን ሴሮቶኒን 90 በመቶ ያህሉ የሚገኘው በሆድ ዕቃችን ውስጥ ነው። ኪኒኑ ወደ አእምሮ ይላክ እንጂ መንገዱ በአንጀት ነው፤ አንጀትም የራሱን ድርሻ ሳይወስድ አያሳልፈውም። ሕዋሳቱ ከለውጡ ጋር እየተላመዱ ሲሄዱ ማቅለሽለሹ አብዛኛውን ጊዜ በአንድና በሁለት ሳምንት ይቀንሳል። የእኛ በአሥረኛው ቀን ለቀቀን።

ያን ሰሞን የገና ጾም ነበር። ኪኒኑን ጠዋት በባዶ ሆድ እየዋጥን እስከ ዘጠኝ ሰዓት መቆየት ማቅለሽለሹን እጥፍ አድርጎት ነበር፤ ለንስሐ አባታችን ብንነግራቸው «ሕመምተኛ ነህ፤ ቀምሰህ ውሰድ» አሉን። በረመዳን የሚጾሙ አንባብያንም የሚወስዱበትን ሰዓት ከሐኪማቸው ጋር ተማክረው ማስተካከል ይችላሉ። ጸበል እንጠመቃለን ሲሉ ኪኒናቸውን እንዲያቆሙ የሚነገራቸው ወገኖችም አሉ፤ ሁለቱ አብረው መሄድ እንደሚችሉ የሚያስረዱ አባቶች መኖራቸውን ግን እኛ በዓይናችን አይተናል።

ወደ ዋናው እንቆቅልሽ እንመለስ። ፍሎክሴቲን ሴሮቶኒን መልሶ የሚስበውን በር መዝጋት የሚጀምረው በሰዓታት ውስጥ ነው፤ የመንፈስ መሻሻል ግን ከሁለት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጃል። ስለምን? አንዱ ማብራሪያ እንዲህ ይላል፦ ሴሮቶኒን የሚያመነጩት ሕዋሳት በራሳቸው ላይ መቆጣጠሪያ ተቀባይ አላቸው። በዙሪያቸው ያለው ሴሮቶኒን ድንገት ሲበዛ ይህ መቆጣጠሪያ «በዛ፣ ቀንሱ» ይላቸዋል፤ እነርሱም ሥራቸውን ያቀዘቅዛሉ። መቆጣጠሪያው ደክሞ ትእዛዙን እስኪተው ድረስ ሳምንታት ያልፋሉ። ሌላው ማብራሪያ በሕዋሳት መካከል አዳዲስ ግንኙነቶች ለመብቀል የሚወስዱትን ጊዜ ይጠቅሳል። ሁለቱ የሚጣሉ አይመስለንም፤ ነገር ግን ሁለቱም እስካሁን ያልተቋጩ መላ ምቶች ናቸው።

በዚህ ቦታ ላይ አንድ የተለመደ አባባል ማረም ይገባናል። «ድባቴ ማለት የሴሮቶኒን ማነስ ነው፤ ኪኒኑ የጎደለውን ይሞላል» የሚለውን እኛም በተማሪነታችን ለሌሎች ስናስረዳ ኖረናል። እ.ኤ.አ. በ2022 ጆአና ሞንክሪፍና ባልደረቦቻቸው ቀደምት ጥናቶችን መርምረው ለዚህ አባባል ወጥ የሆነ ማስረጃ እንዳላገኙ አሳትመዋል። ይህ ግን ኪኒኑ አይሠራም ማለት አይደለም፤ ራስ ምታት የሚመጣው በአስፕሪን ማነስ እንዳልሆነ ሁሉ። መሥራት አለመሥራቱን በተመለከተ ትልቁ ስሌት እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው ነው፤ 522 ሙከራዎችንና 116,477 ተሳታፊዎችን ያጠቃለለ ሲሆን፣ የተመረመሩት 21 መድኃኒቶች ሁሉ ከአስመሳይ ኪኒን (ፕላሴቦ) የተሻሉ ሆነው ተገኝተዋል። ብልጫው ግን በአማካይ መጠነኛ ነው። አንዱን ሕመምተኛ ከአልጋ ሲያነሣ ሌላውን ምንም ላይረዳ ይችላል።

አሁን ደስ የማይለውን ግን ልናልፈው የማይገባንን ነገር እንናገር። በሁለተኛው ሳምንት የሆነ መቁነጥነጥ ያዘን። መቀመጥ አልቻልንም፤ በግቢው ውስጥ ያለ ዓላማ እንዞር ነበር፤ ኀዘኑ ሳይለቀን ኃይል ብቻ የመጣልን ያህል ተሰማን። አንድ ማታ ለራሳችን እንኳ ልንደግመው የማንወድ ሐሳብ መጣብን። አብሮን የሚያድረው ጓደኛችን ፊታችንን አይቶ ጠየቀን፤ ነገርነው፤ በማግስቱ ጠዋት ትምህርቱን ትቶ ይዞን ወደ ሐኪሟ ሄደ። ሐኪሟም አልደነገጠችም፤ «መንገርህ ጥሩ ነው፤ ይህ በወጣቶች ላይ የሚታወቅ ነው» አለችን። የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2004 በሕፃናትና በአፍላ ወጣቶች ላይ የተደረጉ ሙከራዎችን አንድ ላይ ሲመረምር፣ ራስን የመጉዳት ሐሳብ ወይም ድርጊት መድኃኒቱን ከወሰዱት መቶ ሰዎች በአራቱ፣ አስመሳይ ኪኒን ከወሰዱት በሁለቱ ታይቶ ነበር። በእነዚያ ሙከራዎች ውስጥ ሕይወቱን ያጠፋ አልነበረም። ማስጠንቀቂያው በ2007 እስከ 24 ዓመት ያሉትን እንዲጨምር ተደረገ። ይህን መጽሔት የሚያነብ ብዙው ሰው በዚህ ዕድሜ ውስጥ ስለሆነ ነው አጥብቀን የምንጽፈው፦ እንዲህ ያለ ሐሳብ ወይም መቁነጥነጥ ሲመጣ በዚያው ቀን ለሐኪምና አብሮ ለሚኖር ሰው መንገር ያስፈልጋል። ኪኒኑን በራስ ፈቃድ መጣልም ሆነ ነገሩን ደብቆ መቀጠል አይገባም። ለእኛ ሐኪሟ መጠኑን ለጥቂት ቀናት ቀነሰችልን፤ በየሦስት ቀኑም እንድንመጣ አዘዘችን።

ሌላም ስሕተት ልንሠራ ነበር። እንቅልፍ ቢያጥረን ከዓምናው የተረፈውን አሚትሪፕቲሊን አንዱን ልንውጥ አሰብን። ስለ አንድ የጉንፋን መድኃኒት ልንጠይቅ ወደ ሰፈራችን ፋርማሲ ገብተን ነገሩን በጨዋታ መካከል ብናነሣ፣ ባለሙያዋ እናት «ልጄ፣ ሁለቱን አንድ ላይ ማን አዘዘልህ?» ብለው ተቆጡን። ፍሎክሴቲን አሚትሪፕቲሊንን የሚያፈርሰውን የጉበት ኢንዛይም ስለሚያግድ፣ ትንሹ ኪኒን በደም ውስጥ ትልቅ ሆኖ ልብን ሊጎዳ እንደሚችል አስረዱን። ትራማዶል የተባለውን የሕመም ማስታገሻም ሳንጠይቅ እንዳንወስድ አከሉልን።

ይህ ኢንዛይም «ሲ-ዋይ-ፒ-2-ዲ-6» የሚል የማይመች ስም አለው። ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ግን የተለየ ትርጉም ያለው ነው። በስዊድን ካሮሊንስካ ኢንስቲትዩት እሌኒ አክሊሉና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1996 ባሳተሙት ጥናት፣ ከተመረመሩት ኢትዮጵያውያን 29 በመቶ የሚሆኑት የዚህ ኢንዛይም ዘረ መል ተባዝቶ ተገኝቶባቸዋል፤ በስዊድናውያን ዘንድ ይህ ከመቶ አንድ ወይም ሁለት ሰው ብቻ ነው። ዘረ መሉ የተባዛለት ሰው እንደ አሚትሪፕቲሊን ያሉትን መድኃኒቶች ፈጥኖ ሊያፈርስ ስለሚችል ለሌላው የሚበቃው መጠን ላይበቃው ይችላል፤ ደካማ ዘረ መል የወረሰው ደግሞ በዚያው መጠን ይሰቃያል። ነገሩ በዘር ብቻ አያበቃም። ይኸው ቡድን በ2002 እንዳመለከተው፣ ተመሳሳይ ዘረ መል ካላቸው ኢትዮጵያውያን መካከል በሀገር ቤት የሚኖሩት በስዊድን ከሚኖሩት ይልቅ የኢንዛይሙ ሥራ ዘገም ያለ ነው፤ ምክንያቱ ምግብ ወይም ሌላ የአካባቢ ሁኔታ ሳይሆን አይቀርም። «አልተስማማኝም» የሚለው የእናቶቻችን ቃል እንግዲህ ከምናስበው በላይ ኬሚስትሪ አለበት።

የእኛ ማስታወሻ በሠላሳ አምስተኛው ቀን የሚለው አጭር ነው፦ «እናቴ ጋ ደወልኩ።» ከወራት በኋላ ሳይደወልልን የደወልንበት የመጀመሪያ ቀን ነበር። እርሷም ሰላምታውን እንኳ ሳትጨርስ «ዛሬስ ድምፅህ ተመለሰ» አለችን። እኛ መሻላችንን ያወቅነው ከእርሷ ነው።

ያልለቀቀን ነገርም አለ። የወሲብ ስሜት መቀነስ የእነዚህ መድኃኒቶች የታወቀ የጎንዮሽ ጉዳት ሆኖ ሳለ፣ በኀፍረት ምክንያት ከሕመምተኛውም ከሐኪሙም አፍ አይወጣም፤ እኛም ለማንሣት ሁለት ቀጠሮ ፈጅቶብናል። ሐኪሟ እንደነገረችን፣ ከተሻለን በኋላ ቢያንስ ስድስት ወር መቀጠል ይኖርብናል፤ ቀድሞ ማቆም ሕመሙን ሊመልሰው ይችላልና። ማቆሙም በአንድ ጊዜ አይሆንም። ፍሎክሴቲንና ከእርሱ የሚወጣው ንጥረ ነገር ከደም ለመጥራት ሳምንታት ስለሚወስዱ መለየቱን ቀለል ያደርጉታል፤ እንደ ፓሮክሴቲን ያሉት ግን ቶሎ ስለሚወጡ፣ በድንገት የተዋቸው ሰው ሊዞርበትና ራሱን በኤሌክትሪክ የተነካ ያህል ሊሰማው ይችላል። የእኛ ቀጠሮ በመጋቢት ነው፤ ማስታወሻ ደብተራችንንም ይዘን እንሄዳለን።