የካምቢዮ እድሳት ፕሮፎርማ እንዴት ይመዘናል

የካምቢዮ እድሳት ፕሮፎርማ ጋራዡ ካምቢዮውን ለማውረድ፣ ለመፍታት፣ ያለቀውን ለመለወጥና መልሶ ለመግጠም የሚጠይቀውን ገንዘብ ከሥራው በፊት የሚያሳውቅበት ወረቀት ነው። ከሌላው የጥገና ዋጋ የሚለየው የሚጠገነው ነገር ገና ሳይታይ የሚሰጥ በመሆኑ ነው። የፍሬን ሸራ ማለቅ አለማለቁ ጎማ ተፈትቶ በዓይን ይረጋገጣል፤ የካምቢዮ ውስጥ ግን ካልወረደና ካልተፈታ አይታይም። ስለዚህ በፕሮፎርማው ላይ የሚሰፍረው ድምር ሁለት ዓይነት ገንዘብ የተደባለቀበት ነው፤ አንደኛው ለማንኛውም እድሳት የማይቀር የታወቀ ወጪ፣ ሌላው ካምቢዮው ሲከፈት ሊገኝ ለሚችል ጉዳት የተያዘ ግምት። ሁለቱን ለይቶ የሚያሳይ ወረቀት ዋጋው ቢወደድም ሊመዘን ይችላል። አንድ ድፍን ቁጥር ብቻ የተጻፈበት ግን ርካሽም ቢሆን መመዘኛ የለውም።

ለመመዘን ካምቢዮው ውስጥ ምን እንዳለ በጥቂቱ ማወቅ ይጠቅማል። አውቶማቲክ ካምቢዮ በብዛት ተመርቶ ለገበያ የቀረበው ጄኔራል ሞተርስ ለ1940 የኦልድስሞቢል ሞዴሎች ባዘጋጀው ሃይድራ-ማቲክ ነበር፤ የዛሬዎቹም ከዚያ መሠረት ብዙ አልራቁም። ካምቢዮውን ከሞተሩ ጋር የሚያገናኘው ቶርክ ኮንቨርተር ሲሆን ጉልበቱን የሚያስተላልፈው በዘይት ነው። ከኋላው ፕላኔታሪ የሚባሉት ማርሾች አሉ፤ እነሱን በየተራ የሚይዙና የሚለቁ፣ ሸራ የተለጠፈባቸው ስስ የፍሪሲዮን ዲስኮች በከበሮዎች ውስጥ ተደርድረዋል። ፓምፑ ዘይቱን ይገፋል። ቫልቭ ቦዲ የተባለው፣ ውስጡ በጠባብ ቦዮች የተሞላ የአሉሚኒየም ክፍል ዘይቱን ወደሚፈለገው ዲስክ ይመራዋል፤ መንገዱን የሚከፍቱና የሚዘጉት ሶሌኖይዶች ደግሞ ትእዛዝ የሚቀበሉት ከኮምፒውተር ነው። ከዚህ ሁሉ በአገልግሎት ብዛት የሚያልቀው ሸራው፣ ዘይት የሚይዙት ጎማዎችና ራሱ ዘይቱ ነው። ማርሾቹ፣ ከበሮዎቹና ፓምፑ ከመኪናው እኩል ሊያረጁ የሚችሉ ብረቶች ናቸው፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚጎዱት ዘይት ሲጎድል፣ ወይም መኪናው ማርሽ እየሳተ ለረጅም ጊዜ ሲነዳ ነው። የሚያልቀውንና የሚቆየውን መለየት ፕሮፎርማ የማንበብ መጀመሪያ ነው።

ከዋጋው በፊት የሚመረመረው ግን እድሳቱ ራሱ ማስፈለጉ ነው፤ ትልቁ ኪሳራ የሚደርሰውም እዚህ ላይ ነው። ማርሽ ሲገባ መኪናው የሚገጭ ከሆነ ምክንያቱ የተበጠሰ የሞተር መያዣ ጎማ ሊሆን ይችላል። ማርሽ መሳት ከዘይት ማነስ፣ ወይም የተሳሳተ ዘይት ከመጨመር ሊመጣ ይችላል፤ ቶዮታ እንኳ ለተለያዩ ካምቢዮዎቹ ቲ-አይቪ፣ ደብልዩ-ኤስ እና የሲቪቲ ዘይት እያለ የተለያየ ዓይነት ያዝዛል። በምርመራ ማሽኑ ላይ ፒ 0700 የሚለው ኮድ ሲወጣ ካምቢዮው አልቋል ብሎ የሚደመድም ጋራዥ ካለ ምርመራውን አልጨረሰም። ይህ ኮድ የሚናገረው የካምቢዮው ኮምፒውተር ሌላ ኮድ መመዝገቡን ብቻ ነው፤ ሁለተኛው ኮድ መነበብ አለበት። ፒ 0750 ከሆነ ጥርጣሬው በአንድ ሶሌኖይድ ወይም ወደ እሱ በሚሄደው ሽቦ ላይ ነው፤ ብዙ መኪኖች ላይ ይህ ካምቢዮው ሳይወርድ፣ ከሥሩ ያለው የዘይት መያዣ ብቻ ተፈትቶ የሚሠራ ነው። ፒ 0730 ግን ማርሹ ከሚጠበቀው ፍጥነት ጋር አለመመጣጠኑን ስለሚናገር የዲስኮቹን መንሸራተት የማሳየት ዕድሉ የበለጠ ነው።

ዘይቱም ብዙ ይናገራል። ጥቂት ጠብታ ነጭ ወረቀት ላይ ሲንጠባጠብ ቀላ ብሎ ከተሰራጨ ጤነኛ ነው። ወደ ቡናማ ካደላ አርጅቷል። ጠቁሮ የተቃጠለ ነገር የሚሸት ከሆነ የዲስኮቹ ሸራ መቃጠሉን ይጠቁማል። ከሥር ያለው የዘይት መያዣ ሲወርድ ውስጡ ማግኔት ይገኛል፤ በማግኔቱ ላይ ግራጫ፣ እንደ ሊጥ የለሰለሰ ዝቃጭ መኖሩ የተለመደ የአገልግሎት ምልክት ነው። በጣት ሲዳሰስ የሚወጋ ብረት፣ ወይም የማርሽ ጥርስ ስባሪ ከተገኘ ግን ጉዳቱ ወደ ብረቶቹ ደርሷል። ዘይቱ ሮዝና ወተት የመሰለ ከሆነ ሌላ ታሪክ ነው፤ በብዙ መኪኖች የካምቢዮው ዘይት የሚቀዘቅዘው ራዲያተሩ ውስጥ ባለ ቱቦ ስለሆነ፣ ቱቦው ሲቀደድ ውሃ ወደ ካምቢዮው ይገባል። ውሃው ሸራውን ከዲስኩ ጋር የያዘውን ሙጫ ያላቅቀዋል። እንዲህ ላለው መኪና ራዲያተር መለወጥን ያላካተተ ፕሮፎርማ ርካሽ መስሎ ቢታይም ያንኑ ካምቢዮ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ዳግም የሚያስፈታ ነው። ምርመራው እነዚህን ነጥቦች ካልጠቀሰ፣ ዋጋው የተሰጠው በግምት ላይ በተጨመረ ግምት ነው ማለት ይቻላል።

ይህ ቅደም ተከተል በሕግ የተጻፈባቸው ቦታዎች አሉ። ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባት የአሜሪካዋ ካሊፎርኒያ ከነዚህ አንዷ ናት። የግዛቲቱ ደንብ አውቶማቲክ ካምቢዮ ለጥገና ከመውረዱ በፊት እንዲመረመር፣ በኮምፒውተር የሚታዘዝ ከሆነም ኮዶቹ እንዲነበቡ ያዝዛል፤ ከውጭ ያለ ዕቃ በመለወጥ ወይም በማስተካከል ችግሩ ሊፈታ የሚችል ከሆነ ለባለመኪናው አስቀድሞ መነገር አለበት። ደንቡ ከዚህም አልፎ «የታደሰ» የሚለው ቃል በዘፈቀደ እንዳይሰጥ ከልክሏል። አንድ ካምቢዮ ታድሷል ለመባል የውስጥና የውጭ የዘይት መያዣ ጎማዎቹ በሙሉ መለወጥ፣ የፍሪሲዮን ዲስኮቹ በአዲስ መተካት፣ ያለቁና የተጎዱ ብረቶቹ መተካት ወይም መስተካከል አለባቸው፤ ቶርክ ኮንቨርተሩም የካምቢዮው አካል ስለሚቆጠር ተመርምሮና ጸድቶ ለሥራ ብቁ መሆን ይኖርበታል። የትም አገር ያለ ባለመኪና ይህን እንደ መለኪያ ቢይዘው ይጠቀማል። አዲስ አበባ ውስጥ ኦቨርሆል ተብሎ የሚሸጠው ሥራ አንዳንዴ የተቃጠሉትን ጥቂት ዲስኮች ብቻ ለውጦ መዝጋት ነውና ሁለት ጋራዦች በአንድ ስም ሁለት የተለያየ ሥራ ሊሸጡ ይችላሉ። በዋጋ የሚራራቁትም ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው።

እንግዲህ ወረቀቱ ላይ ምን መኖር አለበት? የማይቀረው ክፍል ሙሉው የጎማና የጋስኬት ስብስብ፣ የፍሪሲዮን ዲስኮቹ፣ ፊልትሮው እና ዘይቱ ነው። የዘይቱ ዓይነትና የሊትሩ ብዛት መጻፍ አለበት፤ ደረቅ ሆኖ የተገጠመ ካምቢዮ ከተለመደው የዘይት ለውጥ እጅግ የበለጠ ዘይት ይወስዳልና እዚህ ላይ ያለው ልዩነት ቀላል አይደለም። ሁለተኛው ሁኔታዊው ክፍል ነው፤ ከበሮ፣ ፓምፕ፣ ፕላኔታሪ፣ ኩሽኔታ እና ሶሌኖይድ። ሐቀኛ ጋራዥ እነዚህን በድምሩ ውስጥ አስቀድሞ አይጨምርም፤ «ተጎድቶ ከተገኘ» በሚል ከነነጠላ ዋጋቸው ለብቻ ያሰፍራቸዋል። ሁሉም ብረት እንደሚለወጥ ታስቦ የተሰላ ፕሮፎርማ ሳይፈታ የተፈረደ ነው፤ ምንም ብረት እንደማይለወጥ የሚምለውም ካምቢዮው ጠረጴዛ ላይ ከተዘረገፈ በኋላ፣ ባለመኪናው መመለሻ ሲያጣ ዋጋ ይጨምራል። ከሁለቱ የበለጠ የሚጎዳው ሁለተኛው ነው።

ከወረቀቱ ላይ በብዛት የሚጎድሉት ሁለት ነገሮች ቶርክ ኮንቨርተሩና የማቀዝቀዣው መስመር ናቸው። ቶርክ ኮንቨርተር በብየዳ የተዘጋ ስለሆነ ካልተቆረጠ በቀር ውስጡ አይጸዳም፤ ከተቃጠሉት ዲስኮች የተፋቀው ሸራና የብረት ብናኝ ግን እዚያ ውስጥ ይከማቻል። ካምቢዮው ታድሶ ኮንቨርተሩ እንዳለ ከተመለሰ ያ ቆሻሻ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ወደ አዲሶቹ ዲስኮችና ወደ ቫልቭ ቦዲው ቦዮች ይገባል። የማቀዝቀዣው ቱቦም እንዲሁ መታጠብ አለበት። እነዚህን የያዘ ፕሮፎርማ ካልያዘው ቢበልጥ ጭማሪው ተገቢ ነው።

የእጅ ዋጋ በሦስት ይከፈላል፤ ማውረድና መስቀል፣ ጠረጴዛ ላይ ፈትቶ መገጣጠም፣ በመጨረሻም መፈተሽ። የፊት ጎማ በሚጎትታቸው መኪኖች ካምቢዮውን ማውረድና መስቀል ብዙ ጊዜ ከ6 እስከ 10 ሰዓት የሚወስድ ሥራ ነው፤ አራቱም ጎማ የሚጎትት ሲሆን ይጨምራል። አዲስ አበባ ውስጥ የእጅ ዋጋ በጥቅል መነገሩ የተለመደ ቢሆንም፣ ስንት ሠራተኛ ስንት ቀን እንደሚሠራበት ተጠይቆ ሲካፈል የአንድ ቀን ዋጋው ይወጣል፤ ያም ጋራዡ ለሌላ ሥራ ከሚያስከፍለው ጋር ይነጻጸራል። እውቀት ዋጋ እንዳለው መዘንጋት አይገባም። ቫልቭ ቦዲ ፈትቶ እያንዳንዱን ትንሽ ኳስና ምንጭ ወደ ቦታው የሚመልስ ባለሙያ ከተራ መካኒክ የበለጠ ቢጠይቅ አይደንቅም።

የዕቃው ዋጋ ግን ከጋራዡ ቁጥጥር ውጭ ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ ከዚያ በፊት በ57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ፤ ከውጭ የሚመጣው መለዋወጫም ተከትሎ ናረ። በዚህ ምክንያት ፕሮፎርማ ቀንና የሚጸናበት ጊዜ ሊኖረው ይገባል፤ ከወራት በፊት በተሰጠ ዋጋ ዛሬ መሟገት አያዋጣም። በዚያው ዓመት መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑ ደግሞ ያሉትን መኪኖች አድሶ መያዝን አስፈላጊ አድርጎታል። ኦሪጅናል፣ በሌላ አምራች የተሠራ ወይም ያገለገለ የሚሉት ሦስቱ የዕቃ ዓይነቶች በዋጋም በዕድሜም ስለሚለያዩ ወረቀቱ ላይ በየዕቃው ጎን መጻፍ አለባቸው። ባለመኪናው ዕቃውን ራሱ ከመርካቶ ሶማሌ ተራ ገዝቶ የሚያመጣ ከሆነ ወጪው ሊቀንስ ይችላል፤ ያን ጊዜ ግን ጋራዡ ለዕቃው ጥራት ኃላፊነት እንደማይወስድ መታወቅ አለበት።

ከእድሳት ሌላ ያለው አማራጭ ያገለገለ ሙሉ ካምቢዮ መግጠም ነው። ፈጣን ነው፤ ዋጋውም አንዳንዴ ያንሳል። ነገር ግን የውስጡ ሁኔታ ከተበላሸው ይሻል እንደሆነ የሚታወቀው ከተገጠመ በኋላ ነው፤ ስለዚህ ሻጩ ለመመለስ ወይም ለመቀየር የሚሰጠው ጊዜ በጽሑፍ ካልሆነ ርካሽነቱ አያስተማምንም። በብረት ቀበቶና በሁለት ተንቀሳቃሽ ፑሊ ለሚሠራው ሲቪቲ ግን ሙሉ ካምቢዮ መቀየር ብዙ ጊዜ የተሻለው መንገድ ነው። የፑሊው ገጽ አንዴ ከተጫረ አዲስ ቀበቶ አያድነውም፤ ይህን ሥራ አጣርቶ የሚሠራ ጋራዥም ጥቂት ነው። ቶዮታ ቪትዝ በአንዳንድ ሞዴሉ ሲቪቲ፣ በሌላው ባለ 4 ማርሽ አውቶማቲክ ስላለው፣ የጎረቤትን ቪትዝ ዋጋ ይዞ መከራከር ያሳስታል። ማኑዋል ካምቢዮ ከሁሉም ይቀላል፤ ኩሽኔታ፣ ሲንክሮናይዘርና ጎማ ከተለወጡለት በአብዛኛው ይበቃዋል።

ስምምነቱ ሲጻፍ ጣሪያ ይቀመጥለታል። ካምቢዮው ተፈትቶ ተጨማሪ ጉዳት ከተገኘ ጋራዡ ሥራውን አቁሞ መደወል፣ ዕቃውን ማሳየትና ፈቃድ ማግኘት አለበት፤ ባለመኪናው በጭማሪው ካልተስማማም እስከዚያ ለተሠራው ማውረድና መፍታት የሚከፍለው ከመጀመሪያው ይወሰናል። የተለወጡት አሮጌ ዕቃዎች እንዲመለሱ መጠየቅ መብት ነው፤ ጠርዙ የተቃጠለ ዲስክና ያልተነካ ዲስክ አጠገብ ለአጠገብ ሲቀመጡ ማንም ይለያቸዋል። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና ሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ሸማቹ ስለሚገዛው አገልግሎት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ደንግጓል። ዋጋው 15 በመቶውን የተጨማሪ እሴት ታክስ ያካትት እንደሆነና እንዳልሆነም በግልጽ መጻፍ አለበት፤ ሁለት ፕሮፎርማዎች ሲነጻጸሩ አንዱ ታክሱን ጨምሮ ሌላው ሳይጨምር ከቀረበ ንጽጽሩ ይዛባል። ያለ ደረሰኝ ዋጋ መቀነስ የሚያጓጓ ቢሆንም፣ ደረሰኝ የሌለው ሥራ ዋስትናውን ማስከበር ያስቸግራል።

ዋስትናው የዋጋው አካል ነው። በአሜሪካ ለታደሰ ካምቢዮ 12 ወር ወይም 12 ሺህ ማይል የተለመደ ነው። የወሩ ቁጥር ብቻ ግን አይበቃም፤ ካምቢዮው ዳግም ቢበላሽ የማውረድና የመስቀል የእጅ ዋጋ ይሸፈን እንደሆነ መጠየቅ አለበት። ዕቃውን ብቻ የሚሸፍን ዋስትና ከወጪው ትልቅ ክፍል ለባለመኪናው ይተዋል። መኪናው ሲረከብም ሞተሩ በደንብ ሞቆ፣ ሜዳ ላይም ዳገት ላይም ተነድቶ እያንዳንዱ ማርሽ መግባቱ ይታያል፤ ኮዶቹ እንደገና ይነበባሉ፤ ከጥቂት ሳምንታት መንዳት በኋላም የዘይቱ መጠንና የሚያፈስ ነገር መኖር አለመኖሩ ያለ ተጨማሪ ክፍያ እንዲታይ በዚያው ወረቀት ላይ ይሰፍራል።