የሌሊት ወፍ ዋጋዋ ስንት ነው?

ጋና ዋና ከተማ አክራ ውስጥ "37" ተብሎ የሚጠራ ወታደራዊ ሆስፒታል አለ። በበጋ የአካባቢውን ዛፎች ከሩቅ ያየ ሰው ጥቁር ፍሬ ያፈሩ ሊመስሉት ይችላሉ። ፍሬ አይደለም፤ ቁልቁል የተንጠለጠሉ የሌሊት ወፎች ናቸው። ሲበዙ እስከ 152,000 ይገመታሉ። የከተማው ሰው ሲያወራ፣ አንድ የአገር አለቃ እዚህ ሲታከም ከመንደሩ ተከትለውት መጡ፣ እሱ ሲሞት ግን እየጠበቁት ቀሩ ይላል። ወሬው ደስ ይላል። እኔን ግን የያዘኝ ሂሳቡ ነው፤ ኢኮኖሚክስ የተማረ ሰው ምን ያድርግ!

ሳይንሱ ኤይዶሎን ሄልቩም ይላታል። ክንፏ ሲዘረጋ 75 ሳንቲሜትር ገደማ ይሆናል። ከሴኔጋል እስከ እኛዋ ኢትዮጵያ ድረስ ትገኛለች። ደም አትመጥም፤ የምትበላው ሾላ፣ ማንጎ፣ ዘይቱን ነው። ፍሬውን አኝካ ጭማቂውን ትውጥና ገለባውን ትተፋለች። ጥቃቅኑ ዘር ግን አብሮ ሆዷ ይገባል።

ነገሩ የሚጣፍጠው እዚህ ጋ ነው። ዘር የሚበትን እንስሳ ብዙ ነው፤ አብዛኛው ግን ከጫካ ወጥቶ ገላጣ ሜዳ ማቋረጥ አይወድም። እሷ በተመነጠረው መሬት ላይ እየበረረች ትጸዳዳለች። ጋና ውስጥ ጂፒኤስ አስረውባቸው የተከታተሉ ተመራማሪዎች፣ ዘሩ እስከ 75 ኪሎ ሜትር ሊርቅ እንደሚችል አስልተዋል። ለጣውላው የሚፈለገው ኢሮኮ የተባለው ዛፍ እንኳ ዘሩን የምታደርስለት እሷ ናት። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ ጥናት ደግሞ የአክራው መንጋ በአንድ ሌሊት ብቻ ከ300 ሺህ በላይ ዘር ሊበትን ይችላል ብሏል። በነፃ እኮ ነው! ችግኝ የለ፣ አበል የለ።

ገበያው ሌላ ነው። በጋና የሌሊት ወፍ ይበላል። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ ጥናት በደቡቡ የአገሪቱ ክፍል በዓመት ቢያንስ 128,000 እንደሚሸጡ ገምቷል። ከአክራው መንጋ ብዙም የማይተናነስ ቁጥር በየዓመቱ ድስት ይገባል ማለት ነው። እናቲቱ የምትወልደው ደግሞ በዓመት አንድ ብቻ።

አዳኙን ሞኝ ነው ብላችሁ እንዳትፈርዱበት። ሥጋውን ሸጦ ብሩን ዛሬ ኪሱ ያስገባል። ከዘሩ የሚጠቀመው 70 ኪሎ ሜትር ርቆ ያለ የማያውቀው ገበሬ ነው፣ ያውም ከዓመታት በኋላ። ትምህርት ቤት ኤክስተርናሊቲ ሲሉን የነበረው ይሄው ነው። አደጋውም እንደዚያው ነው፤ እነዚህ የሌሊት ወፎች ቫይረስ ይሸከማሉ፣ ሲያርዷቸው ደማቸው ይነካል፣ ሲይዟቸው ይናከሳሉ። በሽታ ቢመጣ አዳኙ ጋ ብቻ አይቀርም፤ የሥጋው ዋጋ ውስጥ ግን ይሄ ሁሉ አልተደመረም።

በሕይወት እያለች ዋጋ የወጣላት ቦታ አለ። ዛምቢያ፣ ካሳንካ ብሔራዊ ፓርክ፣ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ እስከ 10 ሚሊዮን የሚገመቱ የዚሁ ዝርያ የሌሊት ወፎች በአንዲት ትንሽ ረግረጋማ ጫካ ይሰበሰባሉ። ሲመሽ ሰማዩን ሲሞሉት ለማየት ቱሪስት ከፍሎ ዛፍ ላይ የተሠራ መቀመጫ ይወጣል። ከዚያ ግን ይሄዳሉ። በሳተላይት ከተከታተሏቸው አንዳንዶቹ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ በረው ኮንጎ ገብተዋል። እዚያ ዛፍ ስር የሚጠብቃቸው ቱሪስት አይደለም፣ አዳኝ ነው።