«የክሜሩ ሞት ያነሰ ነው?»፦ ዘር ማጥፋትን በክፍል ውስጥ መከራከር

እ.ኤ.አ. በ2018 በካምቦዲያ ዋና ከተማ በፕኖም ፔን የተሰየመው ልዩ ፍርድ ቤት ሁለት የክሜር ሩዥ መሪዎችን በዘር ማጥፋት ጥፋተኛ ብሏቸዋል። ኑዎን ቺያ የተፈረደበት ቬትናሞችንና ቻም የተባሉትን ሙስሊሞች፣ ኪው ሳምፋን ደግሞ ቬትናሞችን በማጥፋት ነው። ከ1975 እስከ 1979 ካለቀው 1.7 ሚሊዮን ገደማ ሕዝብ አብዛኛው ግን ክሜር ነበር። የእነሱ እልቂት በፍርዱ ላይ የሰፈረው በሰብዓዊነት ላይ የተፈጸመ ወንጀል ተብሎ ነው። ይህን የሰማ ተማሪ «ታዲያ የክሜሩ ሞት ያነሰ ነው?» ማለቱ አይቀርም። ትምህርቱ መጀመር ያለበት ከዚህ ጥያቄ ይመስለኛል።

ሕጉ የሬሳ ብዛት አይቆጥርም። ራፋኤል ሌምኪን የተባለው የፖላንድ አይሁዳዊ የሕግ ሊቅ የዘር ማጥፋትን ጽንሰ ሐሳብ በ1944 በመጽሐፍ ካወጣ ከአራት ዓመት በኋላ የጸደቀው የተባበሩት መንግሥታት ስምምነት የሚጠይቀው ተጠቂው ማን እንደነበረና አጥፊው ምን አስቦ እንደተነሣ ነው። ጥበቃ የሚሰጠው ለብሔራዊ፣ ለጎሣ፣ ለዘርና ለሃይማኖት ቡድን ሲሆን፣ ቡድኑን በሙሉ ወይም በከፊል የማጥፋት ሐሳብ መረጋገጥ አለበት። ግድያ ከአምስቱ ድርጊቶች አንዱ ብቻ ነው፤ ወሊድን ማገድና ሕፃናትን በግድ ወስዶ ለሌላ ቡድን መስጠትም አሉበት። የፖለቲካ ቡድን ግን ሶቪየት ኅብረትን ጨምሮ አንዳንድ አገሮች በመቃወማቸው ሳይካተት ቀረ።

የማስተማሪያው መንገድ አንድ አይደለም። በአሜሪካ ከ1976 ጀምሮ የሚሠራው «ፌሲንግ ሂስትሪ ኤንድ አወርሰልቭስ» የሚያተኩረው በሰዎች ምርጫ ላይ ነው፦ ጎረቤት ለምን ዝም አለ? ማንስ ሸሸገ? የዋሽንግተኑ የሆሎኮስት መታሰቢያ ሙዚየም በበኩሉ የአንዱን ሕዝብ ሥቃይ ከሌላው ጋር ማመዛዘንን አይመክርም፤ እልቂቱን በክፍል ውስጥ እንደ ትያትር ማስመሰልንም እንዲሁ።

በክርክር ክበቦቻችን እንደተለመደው ዕጣ አውጥቶ ግማሹን ደጋፊ፣ ግማሹን ተቃዋሚ ማድረግ እዚህ ላይ አያዋጣም። ለዋንጫ ብሎ ክህደትን የሚሸመድድ ልጅ ማፍራት ይሆናል። የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ መምህራኑ ዴቪድና ሮጀር ጆንሰን ያዳበሩት ዘዴ ይሻላል። አራት ተማሪዎች ሁለት ሁለት ሆነው ይከራከራሉ፤ ቀጥሎ ወገን ይቀያየራሉ፤ በመጨረሻ ሁለቱንም ወገን ትተው ማስረጃው የሚያስኬዳቸውን ያህል አብረው ይጽፋሉ።

ለክርክር የሚቀርበው ደግሞ መፈጸሙ በተረጋገጠ ድርጊት ላይ ያለው ስያሜ ነው። ስሬብሬኒሳ ለዚህ ትመቻለች። በሐምሌ 1995 ወደ 8 ሺህ የሚጠጉ ወንዶችና ታዳጊዎች መገደላቸው አያከራክርም። ዓለም አቀፉ የፍትሕ ፍርድ ቤት በ2007 ይህን ዘር ማጥፋት ሲል፣ በሌሎች የቦስኒያ ቦታዎች ለተፈጸሙት ግድያዎች ግን የማጥፋት ሐሳቡ አልተረጋገጠም አለ። ዳርፉርም አለች፦ የተባበሩት መንግሥታት አጣሪ ኮሚሽን በ2005 የሱዳን መንግሥት የዘር ማጥፋት ፖሊሲ አልነበረውም ብሎ ደመደመ፤ በ2010 ደግሞ ዓለም አቀፉ የወንጀል ፍርድ ቤት በወቅቱ የአገሪቱ ፕሬዚዳንት በነበሩት በኦማር አል በሽር ላይ በዚሁ ወንጀል የእስር ትእዛዝ አወጣ።

በአገራችን የቅርብ ዓመታት ግጭቶች ሁሉም ወገን ይህን ክስ በሌላው ላይ ወርውሯል። ከዚያ የሚነሣ ክፍለ ጊዜ ደወሉ ሳይደወል ጠብ ይሆናል። ጥቂት ራቅ ያለ፣ ግን የራሳችን የሆነ መዝገብ አለን። ኢትዮጵያ ስምምነቱን ሰኔ 24 ቀን 1941 ዓ.ም ከሁሉም ቀድማ አጽድቃለች፤ በ1949 ዓ.ም የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ አንቀጽ 281 ደግሞ ስምምነቱ የተወውን የፖለቲካ ቡድን ጨመረ። የቀይ ሽብር ክስ የቆመው በዚህ አንቀጽ ነው፤ በስምምነቱ ብቻ ቢመዘን መቆሙ ያጠራጥር ነበር። በታኅሣሥ 1999 ዓ.ም የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያምን በሌሉበትና ሌሎች የደርግ ባለሥልጣናትን ጥፋተኛ ያለው በአብላጫ ድምፅ ነበር። በሐሳብ የተለዩት ዳኛ የፖለቲካ ቡድንን የሚጠብቀው የአንቀጹ ክፍል በደርግ አዋጆች ተሽሯል፤ ጥፋቱ ከባድ የሰው ግድያ ነው አሉ። ከዳኞቹ አንዳቸውም ግድያውን አልካዱም። ሁለቱ አቋሞች ለአራቱ ተማሪዎች ተከፋፍለው ሊቀርቡ ይችላሉ፤ የልጆቹ አያቶች ግን ከገዳይም ከሟችም ወገን ሊሆኑ ስለሚችሉ፣ መምህሩ ማንን ከማን ጋር እንደሚያስቀምጥ ቀድሞ ቢያስብበት ይሻላል።