ከመደብ እስከ ሳሎን፦ የጓሮ አበባ አተካከልና አደራደር

በኢትዮጵያ ለጠረጴዛ የሚቆረጥ አበባ ሲባል ቀድሞ የሚታሰበው ጽጌረዳ ነው። በሆለታ፣ በሰበታና በዝዋይ አካባቢ በላስቲክ ቤት የሚመረተው ጽጌረዳ ተቆርጦ፣ ቀዝቅዞና ታሽጎ በአውሮፕላን እስከ አውሮፓ ይጓዛል። ዝርያው የሚመረጠውም ይህን መንገድ ስለሚችል ነው፤ ዘንጉ ረጅምና ጠንካራ፣ አበባው ቶሎ የማይረግፍ መሆን አለበት። በዚህ ምርጫ ብዙ ጊዜ የሚቀረው ሽታው ነው። የጓሮ አበባ መንገዱ ከመደብ እስከ ሳሎን ብቻ ነው። ስለዚህ ግቢ ያለው ሰው ከአበባ ሱቅ ጋር ከሚፎካከር ሱቁ ሊያመጣለት የማይችለውን ቢተክል ይሻላል።

ለዚህ ከዳሊያ የሚቀድም ጥቂት ነው። ተቆርጦ የሚቆየው አምስት ቀን ገደማ ነው፤ ሲነካካም ቶሎ ስለሚጎዳ ነጋዴ ብዙም አይደፍረውም። መነሻው የሜክሲኮ ደጋ ስለሆነ ቀን ሞቅ፣ ሌሊት ቀዝቀዝ የሚለው የአዲስ አበባ ዓይነት አየር ይስማማዋል። የሚራባው ድንች በሚመስለው ሥሩ ነው። ሥሩ ቡቃያ እስኪያወጣ ድረስ ብዙ ውኃ አይፈልግም፤ በዶፍ ሰሞን ከተተከለ ይበሰብሳል። በተለይ ዋልካ አፈር ውኃ ስለሚይዝ መደቡን ከፍ ማድረግና ከደረቀ ፍግ ጋር መቀላቀል ያስፈልጋል። ያልበሰለ ፍግ ግን ሥር ያቃጥላል፤ ሲበዛም ቅጠል እንጂ አበባ አያስገኝም። ተክሉ ሦስት ወይም አራት ጥንድ ቅጠል ሲያወጣ የመሃሉን ጫፍ መቀንጠስ ጨካኝነት ይመስላል፤ ነገር ግን ቅርንጫፍ የሚበዛውና ዘንጉ ለመቁረጥ የሚመቸው በዚህ ነው። ዳሊያ ቁመቱ ሲጨምር ነፋስ ስለሚሰብረው ድጋፍ ከመጀመሪያው ይተከልለታል።

ጽጌረዳ ቢያንስ ስድስት ሰዓት ፀሐይ ይፈልጋል። በበጋ ወራት ቅጠሉ ላይ ዱቄት የሚመስል ነጭ ሻጋታ ይወጣበታል፤ ለጋ ጫፉ ላይም ክሽክሽ ይሰፍራል። እርስ በርሱ ያልተጨናነቀና ነፋስ የሚያገኘው ተክል ከሻጋታው በተሻለ ያመልጣል። ግላዲዮለስ ደግሞ በየሁለት ሳምንቱ ጥቂት ጥቂት ቢተከል አንድ ጊዜ ፈንድቶ ከማለቅ ይልቅ ለወራት ይለቀማል።

የተቆረጠ አበባን ዕድሜ ከሚወስኑት አንዱ የሚቆረጥበት ሰዓት ነው። ማለዳ ዘንጉ ውኃ እንደጠገበ የተቆረጠ አበባ ቀትር ላይ ከተቆረጠው በግልጽ ይበልጣል። የእንቡጡ ደረጃም እንደየአበባው ይለያያል። ጽጌረዳ የሚቆረጠው እንቡጡን ያቀፉት አረንጓዴ ቅጠሎች ወደ ታች ሲታጠፉና የውጪው የአበባ ቅጠል መላላት ሲጀምር ነው። ግላዲዮለስ ከታች ያሉት አንድ ወይም ሁለት እንቡጦች ቀለም እንዳሳዩ ይቆረጣል፤ የቀሩት በውኃ ውስጥ ይፈነዳሉ። ሲቆረጥም አራት ያህል ቅጠል ተክሉ ላይ ይቀርለታል፤ አለዚያ ሥሩ ለቀጣዩ ወቅት ምግብ አያከማችም። ዳሊያ ግን ከተቆረጠ በኋላ እንቡጡ እምብዛም ስለማይከፈት ሙሉ በሙሉ ሊፈነዳ ትንሽ ሲቀረው መቁረጥ ግድ ነው።

የተቆረጠ አበባ የሚጠወልገው ብዙውን ጊዜ ውኃ አጥቶ ሳይሆን ውኃው ወደ ላይ መውጣት አቅቶት ነው። ዘንጉ ሲቆረጥ አየር ይገባበታል፤ በውኃው ውስጥ የሚራቡ ባክቴሪያዎችም ቀጫጭን ቱቦዎቹን ይደፍናሉ። የአበባ ማስቀመጫው በሳሙና የሚታጠበው፣ ውኃ ውስጥ የሚገባው ቅጠል የሚነቀለው፣ ውኃው በየቀኑ ወይም በሁለት ቀን ተለውጦ የዘንጉ ጫፍ በስለታም መቀስ እንደገና በሰያፍ የሚቆረጠው ለዚህ ነው። ብዙ ሰው የሚጨምረው ስኳር እንቡጡን ይመግባል፤ ብቻውን ግን ባክቴሪያውንም ስለሚመግብ ጥቂት ጠብታ በረኪና አብሮት ካልገባ ጉዳቱ ያመዝናል።

በአደራደር ረገድ መጀመሪያ የሚገባው አረንጓዴው ነው። የባሕር ዛፍ ለጋ ቅርንጫፍና መዓዛ ያለው አደስ ለዚህ የተመቹ ናቸው፤ የገብስ ዛላ ሲጨመር ደግሞ የአገር ቤት መልክ ይሰጣል። ዘንጎቹ በማስቀመጫው ውስጥ ሲጠላለፉ የአበባዎቹ መያዣ ይሆናሉ። አፈ ሰፊ ለሆነ ዕቃ ተጣጥፎ የገባ የዶሮ ቤት ሽቦ ይበቃል፤ ሱቅ የሚሸጠው አረንጓዴ ስፖንጅ ተፈርፍሮ የሚቀር ፕላስቲክ ስለሆነ አይመከርም። ቀጥሎ ትልልቆቹ አበባዎች በተለያየ ከፍታ ይገባሉ፤ ትንንሾቹ ክፍተቱን ይሞላሉ። የአበባው ቁመት ከማስቀመጫው አንድ ተኩል እጥፍ ይሁን የሚለው የተለመደ ልክ ለጀማሪ ይጠቅማል፤ ሰው ፊት ለፊት ተቀምጦ በሚበላበት ገበታ ላይ ግን ከዓይን በታች መሆን አለበት። የሁሉም ዘንግ በአንድ ልክ ሲቆረጥ መጥረጊያ ይመስላል።

የተደረደረው አበባ ከቀጥታ ፀሐይ ይርቃል። ሙዝና አቮካዶ ሲበስሉ ኤቲሊን የሚባል ጋዝ ይለቃሉ፤ ይህ ጋዝ በተለይ ካርኔሽንን ቶሎ ያጠወልጋል። ስለዚህ አበባና የፍራፍሬ ሳህን አንድ ጠረጴዛ ላይ ባይቀመጡ ይመረጣል።