ድባቴ በጨጓራና በራስ ምታት በኩል ሲመጣ

ሰሞኑን በውስጥ መስመር ከምትልኩልኝ ጥያቄዎች ብዙዎቹ የሚያጠነጥኑት በአንድ ጉዳይ ላይ ነው፦ «ደም ተመረመርኩ፣ አልትራሳውንድ ተነሣሁ፣ ምንም የለብህም ተባልኩ። ግን አሞኛል።» በጤና ጣቢያ የሥነ አእምሮ ነርስ ሆኜ ስሠራም ይኸው ቃል ከጆሮዬ አይጠፋም። ስለዚህ ዛሬ ብዙዎች ዲፕሬሽን ስለሚሉት ስለ ድባቴ ሕመም፣ በተለይም በሰውነት ሕመም ተሸፍኖ ስለሚመጣው ድባቴ ልጻፍላችሁ። ረዘም ይላል፤ ግን እስከ መጨረሻው አንብቡት።

ወደ እኛ የሚመጣ ሰው «ከፍቶኛል» ብሎ አይጀምርም። «ራሴን ያቃጥለኛል፣ ጨጓራዬ እረፍት ነሣኝ፣ ደረቴን ይጫነኛል፣ ወገቤ ተቆረጠ፣ እንቅልፍ ከዓይኔ ጠፋ» ይላል። የጨጓራ ክኒን ይታዘዝለታል፤ ትንሽ ቀለል ይለውና ይመለስበታል። ቀጥሎ ታይፎይድ ነው ይባላል፤ ቀጥሎ ነርቭ ነው ይባላል። ገንዘቡ ያልቃል፣ ተስፋውም አብሮ ያልቃል።

ሕመሙ ማስመሰል አይደለም። ሴሮቶኒንና ኖራድሬናሊን የሚባሉት የአንጎል ኬሚካሎች በስሜታችን ላይ ብቻ አይደለም የሚሠሩት፤ በእንቅልፍ፣ በምግብ ፍላጎትና ከሰውነት የሚመጣውን የሕመም መልእክት በማርገብም ይሳተፋሉ። ድባቴ ያለበት ሰው ወገቡን የሚያመው እውነት ስለሚያመው ነው። በዚያ ላይ «ጨጓራዬን አመመኝ» ማለት ማንንም አያሳፍርም። ሚስት ለባሏ፣ ሠራተኛ ለአለቃው፣ ልጅ ለወላጁ ሊለው ይችላል። «መኖር አስጠላኝ» ማለት ግን ከእምነት ማነስ፣ ከስንፍና ወይም ከቅብጠት ይቆጠራል። ስለዚህ ሰው ሊነገር የሚችለውን ሕመም ይናገራል፣ የማይነገረውን ይዞ ወደ ቤቱ ይመለሳል።

ታዲያ በምን እንለየው?

ሁለት ጥያቄዎች አሉ። ባለፉት 2 ሳምንታት አብዛኛውን ቀን ስሜታችሁ ተጨፍግጎ፣ ከፍቷችሁ ወይም ተስፋ ቆርጣችሁ ነበር? ድሮ ደስ ይላችሁ የነበረው ነገር፣ ለምሳሌ ከጓደኛ ጋር ቡና መጠጣት፣ ኳስ ማየት፣ ልጅ ማጫወት፣ መዝሙር ማዳመጥ፣ ትርጉም አጥቶባችኋል? ከሁለቱ ለአንዱ እንኳ መልሳችሁ «አዎ» ከሆነ የቀሩትን ምልክቶች እንመለከታለን፦ እንቅልፍ ማጣት ወይም መብዛት፣ የምግብ ፍላጎት መለወጥ፣ ሳይሠሩ መድከም፣ ራስን ዋጋ ቢስ አድርጎ ማየት ወይም ያለ ልክ መጸጸት፣ ሐሳብ መሰብሰብ አለመቻል፣ ንግግርና እንቅስቃሴ መዘግየት ወይም መቁነጥነጥ፣ ሞትን ደጋግሞ ማሰብ። ከላይ ካሉት ሁለቱ ጋር ተደምረው 9 ናቸው። 5 ወይም ከዚያ በላይ የሚሆኑት ለ2 ሳምንት ያህል አብዛኛውን ቀን ከቆዩና ሥራን ወይም ኑሮን ካወኩ ድባቴ ሊሆን ስለሚችል መታየት ያስፈልጋል።

አንዳንዶቻችሁ «ሰው የሞተበትስ?» ብላችኋል። ኀዘን በሽታ አይደለም። ኀዘንተኛ ሟቹ ትዝ ሲለው ያለቅሳል፣ ሰው ሲያጽናናው ረገብ ይላል፣ በለቅሶ ቤት የሟቹ ጨዋታ ሲነሣ ፈገግ ሊልም ይችላል። ድባቴ ግን እንዲህ ፋታ አይሰጥም። ኀዘንተኛው «እሱን አጣሁ» ይላል፤ ድባቴ ያለበት ደግሞ «እኔ ለማንም አልረባም፣ ሸክም ነኝ» ይላል። አርባው ወጥቶ፣ ሙት ዓመቱም አልፎ ሰውዬው መብላት፣ መሥራትና ከሰው መቀላቀል ካቃተው፣ ወይም ገና በለቅሶው ሰሞን ራሱን ስለማጥፋት ካወራ፣ «ጊዜ ይፈታዋል» ብለን መጠበቅ የለብንም።

ከመታከም በፊት መታየት ያለባቸው ነገሮችም አሉ። ደም ማነስና የእንቅርት ዕጢ ሆርሞን ማነስ ድባቴን ይመስላሉ። በተደጋጋሚ መጠጣትና ጫት መቃም እንቅልፍንና ስሜትን ያናጋሉ። የወለደች እናት ከመጀመሪያዎቹ ቀናት መረበሽ አልፎ ሳምንታት ሙሉ ካለቀሰችና ልጇን መውደድ ካቃታት የወሊድ ድባቴ ሊሆን ይችላል። ከዓረብ አገር ተመልሳ ክፍሏን ዘግታ የምትውል እህትም «ኮርታብን ነው» መባል አይገባትም፤ ያሳለፈችውን በእርጋታ የሚሰማት ሰው ትፈልጋለች።

ከሁሉ በላይ ግን ለሐኪማችሁ ሳትነግሩ እንዳታልፉ የምለው አንድ ነገር አለ። ከዚህ በፊት ለቀናት ሳትተኙ ድካም ያልተሰማችሁ፣ ንግግራችሁ የፈጠነ፣ ገንዘብ ያለ ልክ የበተናችሁ፣ «ከእኔ በላይ ማን አለ» ያላችሁበት ወቅት ነበር? ከነበረ ሕመሙ ባይፖላር ሊሆን ይችላል። ለባይፖላር የድባቴ ክኒን ብቻውን ከተሰጠ ሰውየውን ከድባቴው አውጥቶ ወደዚያኛው ጫፍ ሊወረውረው ይችላል። ሕክምናው ሌላ ነው።

ሕክምናውስ?

ቀለል ላለ ድባቴ በባለሙያ የሚደረግ የንግግር ሕክምና፣ የእንቅልፍን ሰዓት ማስተካከል፣ በየቀኑ በእግር መንቀሳቀስና ከሰው አለመራቅ ብዙ ይረዳሉ። ከበድ ሲል መድኃኒት ይጨመራል። በእኛ አገር በብዛት የሚታዘዙት ፍሉኦክሰቲንና አሚትሪፕቲሊን ናቸው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። መድኃኒቱ እንደ ራስ ምታት ክኒን በሰዓታት ውስጥ አይሠራም፤ ለውጡ መታየት የሚጀምረው አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። የማቅለሽለሽ፣ የአፍ መድረቅ ወይም የድብታ ስሜት ግን በመጀመሪያው ሳምንት ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ ታካሚው ጉዳቱን አይቶ ጥቅሙን ሳያይ ያቆመዋል። እባካችሁ አታቁሙ፤ ደውሉ፣ ተመለሱ፣ ተነጋገሩ። ከተሻላችሁም በኋላ ለወራት መቀጠል አለበት፤ የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ምልክቶቹ ከጠፉ በኋላ ከ9 እስከ 12 ወር ይላል። ሲቆምም በሐኪም ምክር ቀስ በቀስ ነው።

«ሱስ ያስይዛል» የሚባለው ለእነዚህ አይሠራም። ሱስ የሚያስይዘው ብዙዎች «ለእንቅልፍ» እያሉ ከፋርማሲ የሚገዙት ዲያዜፓም ነው፤ እሱ ደግሞ ድባቴን አያክምም።

ስለ ጸበልና ስለ ሩቅያ ደጋግማችሁ ትጠይቁኛላችሁ። እኔ አማኝ ነኝ፤ ማንንም ከእምነቱ አላስወጣም። ጸሎት፣ የካህን ወይም የሼኽ ምክር፣ ከሌሎች ጋር መሆን ለሕሙም ሰው ብርታት ነው። የምቃወመው «ክኒኑን ካልጣልክ አትድንም» የሚለውን ቃልና ሰው በሰንሰለት መታሰሩን ነው። በእንጦጦ ማርያም የጸበል ስፍራ ካህናትና የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ተባብረው ሕሙማን ጸበሉንም መድኃኒቱንም ጎን ለጎን የሚያገኙበት አሠራር ተሞክሯል። ጾም ከሆነ የመድኃኒቱን ሰዓት ማስተካከል ይቻላል፤ ለሐኪማችሁም ለነፍስ አባታችሁም ተናገሩ።

በቤታችሁ የታመመ ሰው ካለ «ጠንክር»፣ «ምን ጎደለህ?»፣ «ከአንተ የባሰ ስንት አለ» አትበሉት። እሱ ራሱን ሲወቅስ የሚውለው በዚሁ ቃል ነው። ይልቅ አብራችሁት ተቀመጡ፣ ምግብ አቅርቡለት፣ ወደ ጤና ጣቢያ አብራችሁት ሂዱ፣ የክኒኑን ሰዓት አስታውሱት። ሞትን የሚያነሣ ከሆነ ደግሞ በግልጽ ጠይቁት፦ «ራስህን ለማጥፋት አስበህ ታውቃለህ?» መጠየቅ ሐሳቡን አይፈጥርም፤ ለብዙዎች እፎይታ ነው። «አዎ» ካለ ብቻውን አትተዉት፤ መድኃኒትና የፀረ ተባይ ኬሚካል ከአጠገቡ አርቁ፤ በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት።

ለሕክምና የግድ አዲስ አበባ፣ አማኑኤል ሆስፒታል ድረስ መሄድ የለባችሁም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 በጀመረው ኤምኤችጋፕ በተባለ ፕሮግራም የአእምሮ ሕክምና በጤና ጣቢያ ደረጃ በሠለጠኑ ነርሶችና ጤና መኮንኖች እንዲሰጥ ተደርጓል፤ ኢትዮጵያም ይህን ቀድመው ከተቀበሉት አገሮች አንዷ ናት። ሁሉም ጤና ጣቢያ ባለሙያው አለው ማለት አይደለም። ቅርባችሁ ባለው ግን ጠይቁ፤ ከሌለ ወደሚገኝበት ሪፈር ይጽፉላችኋል።

ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ ለጨጓራ ወይም ለራስ ምታት ስትታዩ ሌላውንም ንገሩት፦ እንቅልፋችሁን፣ ደስታ ማጣታችሁን፣ ስታለቅሱ መዋላችሁን። ሐኪሙ ካልጠየቃችሁ እናንተ ጀምሩት። እናንተ የሥራ ባልደረቦቼ ደግሞ፣ ለሦስተኛ ጊዜ በተመለሰ የጨጓራ ታካሚ ላይ አራተኛ ክኒን ከመጻፋችሁ በፊት ሁለቱን ጥያቄዎች ጠይቁ። ድባቴ የሚታከም ሕመም ነው። ይህን ጽሑፍ ለሚያስፈልገው ሰው አድርሱልኝ።