ከጅግጅጋ የመጣው ድምፅ (ክፍል ስድስት)

የት ነበር ያቆምነው ወዳጄ? አዎ! ጅግጅጋ የተወለደው እዮብ መኮንን አዲስ አበባ ገብቶ፣ ኤልያስ መልካ ባቀናበረው «እንደ ቃል» አልበም አገር ምድሩን ሲያዳርስ። «ሁለተኛውስ አልበም?» ስትለኝ ጥዬህ ሄድኩ። ሳምንቱን ሙሉ እንደረገምከኝ አውቃለሁ፤ ዛሬም ትረግመኛለህ።

«ሬጌ እንደሆነ በሻሸመኔ በኩል ድሮ ገብቷል፤ እሱ ምን አመጣ?»

ጥሩ ጠየቅህ። ክፈተውና ስማው። አይጮህም። ባሱ ከሥር እየረገጠ ሲሄድ፣ እሱ ከላይ ቃሉን አንድ በአንድ እያስቀመጠ፣ ወንበር ስቦ አጠገብህ እንደተቀመጠ ጓደኛ ያወራሃል። የጃማይካ ምት ነው፤ ምክሩ፣ ፍቅሩ፣ ራስን መውቀሱ ግን የኛው ቤት አማርኛ። ከአዲስ ቅዳም ከሰል ጭነህ ሌሊቱን ስትነዳ ጋቢና ውስጥ ብትከፍተው እንቅልፍህን ይወስደዋል። በአንድ አልበም ይህን ያህል ልብ የገዛ ዘፋኝ ብዙ አላውቅም።

አሁን ጠበቅ አድርገህ ያዝ።

ነሐሴ 2005 ዓ.ም.። ፍልሰታ ገብቷል። እዮብ ድንገት ወደቀ።

«ምን ነካው?»

ስትሮክ። ዕድሜው ገና 40 አልሞላም። ቦብ ማርሌይ በ36 ዓመቱ ማለፉን ባለፈው ሳምንት ነግሬህ ነበር፤ ለምን እንደነገርኩህ አሁን ገባህ? እዮብን ለሕክምና ናይሮቢ ወሰዱት።

ቅዳሜ፣ ነሐሴ 11። እኛ ጋ ገበያ ነው፤ ጭቃው ቁርጭምጭሚት ይውጣል፣ ድንቹ በጆንያ ይራገፋል፣ የከሰል ዋጋ ያከራክራል። እሱ ናይሮቢ አልጋ ላይ ነው። «ይተርፋል፣ ወጣት ነው» ትለኛለህ። ብዕሩ በእጄ ነው፤ ሞቱን ግን ልሰርዘው አልችልም።

እሑድ፣ ነሐሴ 12፣ እዮብ አረፈ።

ቆይ፣ ገጹን አትዝጋ! የጠየቅኸኝን ሁለተኛ አልበም ረሳኸው? «እሮጣለሁ» ይባላል። አድማጭ እጅ የገባው ግን ዘፋኙ ካረፈ አራት ዓመት ገደማ ቆይቶ ነው። እነዚያን ዓመታት ድምፁ የት ተቀምጦ ነበር? ሥራውንስ ማን ዳር አደረሰው?

ሳምንት፣ ከገበያ መልስ።