ከአንድ ሰርቨር የሚሠሩ ኮምፒውተሮች ሲቆሙ

ሃርድ ዲስክ የሌላቸውን አሮጌ ኮምፒውተሮች ከአንድ ሰርቨር ጋር አገናኝቶ በሊኑክስ ማሠራት ለትምህርት ቤቶችና ለአነስተኛ ቢሮዎች ወጪ የሚቆጥብ ዘዴ ነው። ይሁንና ሰርቨሩ ከታወከ ሥራው ሁሉ ስለሚቆም የብልሽቱን ምክንያት በቅደም ተከተል መፈለግ ይገባናል።

በቅድሚያ የቆመው አንዱ ነው ወይስ ሁሉም ብለን እንጠይቅ። አንዱ ብቻ ከሆነ ገመዱን በሚሠራ ገመድ ለውጠን እንሞክር፤ ሁሉም ከሆኑ ስዊቹንና ሰርቨሩን እንመርምር። ኮምፒውተሩ ሲነሣ አስቀድሞ ከዲኤችሲፒ አገልግሎት አድራሻ ይቀበላል፤ ቀጥሎም የማስነሻ ፋይሉን በቲኤፍቲፒ በኩል ይወስዳል። አድራሻ ካላገኘ የመጀመሪያውን፣ አግኝቶ ከቆመ ሁለተኛውን እንፈትሽ። በዚያው ኔትወርክ ላይ ሌላ ራውተርም አድራሻ የሚያድል ከሆነ ኮምፒውተሩ ሰርቨሩን ሊስት ይችላል።

የጋራ ሰነድን በሚመለከት፣ ሊብሬኦፊስ አንድ ሰው ሰነድ ሲከፍት በዚያው ፎልደር ውስጥ ስውር የቁልፍ ፋይል ያኖራል። በዚህም ምክንያት ሌላው ሰው ሰነዱን ማንበብ እንጂ ማረም እንዳይችል ያስጠነቅቀዋል። መብራት በድንገት ከጠፋ ግን ቁልፉ ሳይነሣ ሊቀር ይችላል። ታዲያ ይህን ፋይል ከመሰረዛችን በፊት ባልደረቦቻችንን አንድ በአንድ እንጠይቅ። ሰነዱ በሌላ ሰው እጅ እያለ ቁልፉን ብንሰርዝ፣ ኋላ ያስቀመጠው ሰው የፊተኛውን የቀን ሙሉ ድካም ሊያጠፋው ይችላልና።

እንዲሁም ለእያንዳንዱ ሠራተኛ የራሱን የመግቢያ ስም እንስጥ። ሁለት ሰዎች በአንድ ስም ሲገቡ ሊብሬኦፊስ ለሁለተኛው አልከፈት ሊል ይችላል። ከሁሉም በላይ የሰነዶቹን ቅጂ ከሰርቨሩ ውጭ ማስቀመጥን አንዘንጋ።